የአጎቴ መንፈስ የተናገረ ዕለት

በአጎቴ በወልዱ ላይ ያደረው መንፈስ ምን እንደሚመስል ለማየት አንድ ዐቢይ ጾም ሙሉ ተከታትዬዋለሁ። ስምንት ዓመቴ ነበር መሰለኝ፤ ወይም ዘጠኝ። ከበር ጀርባ ሆኜ፣ ከመጋረጃ ሥር ተኝቼ፣ አንዳንዴም ባዶ በርሜል ላይ ወጥቼ በጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ። ልጅ አንድ ነገር ከያዘ እንዴት አድርጎ እንደሚይዝ ታውቁታላችሁ፤ መቀመጥ የለ፣ መብላት የለ። እናቴ «ይቺን ልጅ ምን ነክቷታል? ቂጧ መሬት አይነካም እኮ!» ትል ነበር።

ቤታችን ሽሮ ሜዳ ነው፤ ከዋናው መንገድ ወደ ላይ ከሚታጠፉት ዳገቶች በአንዱ። ሁለት ክፍል ናት። በአንደኛዋ እናቴ አፀደና እኔ እንተኛለን፤ ሌላኛዋ የሥራ ቤት ናት። የሥራ ቤቱ ወለል ላይ ሁለት ጉድጓዶች ጎን ለጎን ተቆፍረዋል። ሸማኔ ከጉድጓዱ አፋፍ ተቀምጦ እግሩን ወደ ታች ሰድዶ ነው የሚሠራው፤ መርገጫው እዚያ ታች ነው ያለው። በአንደኛው ጉድጓድ አጎቴ ወልዱ ይቀመጣል፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም። በሁለተኛው ኢስሐቅ።

ኢስሐቅ ዘመዳችን አልነበረም። ከአጎቴ ጋር በልጅነታቸው ከጋሞ ደጋ በአንድ የጭነት መኪና መጥተው፣ በአንድ ባለሙያ ቤት ሽመና ተምረው ነው ያደጉት። አባቴ ሲሞት እናቴ «ወንድ ያለበት ቤት ይሻላል» ብላ ሁለቱንም አስገባቻቸው። ሲመሽ የሽመና ዕቃውን ወደ ጥግ ሰብሰብ ያደርጉና በጉድጓዶቹ ላይ ሳንቃ ረብርበው እዚያው ይተኛሉ። አጎቴ ዝምተኛ ነው። ኢስሐቅ ደግሞ ሲስቅ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቀሰም እጠቀልላለሁ፤ ማለቴ፣ መወርወሪያው ሆድ ውስጥ የሚገባውን ክር። ስለዚህ ሁልጊዜ እግራቸው ሥር ነኝ። ሁልጊዜም እሰማለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ጋሽ ወልደ ሥላሴ የመጡ ዕለት ነው። የዕድራችን ዳኛ ናቸው፤ ያላጋቡት ሰው የለም፤ እሳቸው ያጋቡት ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁትም እሳቸው ናቸው።

«አፀደ፣ ይሄ ልጅ ሠላሳ ሊሞላው ነው» አሉ ገና ሳይቀመጡ። «የሰርኬ አባት እሺ ብለዋል። እኔ ነኝ እሺ ያሰኘኋቸው። ከዳግም ትንሣኤ ወዲያ ሰርጉ ይሆናል።»

«እሱ እኮ እሺ አላለም፣ ጋሼ።»

«እምቢስ ብሏል?»

«ዝም ነው ያለው።»

«ዝም ካለማ ተስማምቷል በያ! ወንድ ልጅ ስለ ሚስት ምን ብሎ ይናገራል?»

በሥራ ቤቱ የአጎቴ መወርወሪያ ቆመ። «እትዬ፣ አላገባም» አለ በግድግዳው በኩል። «ስንቴ ልንገርሽ?»

«ይኸው ተናገረልዎ» አለች እናቴ።

ጋሽ ወልደ ሥላሴ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። እኔ ከመጋረጃው ሥር ነበርኩ። «እሱ እንዳይመስልሽ የተናገረው። ዓይነ ጥላ ነው። ትዳር የሚከለክል መንፈስ ነው። ቀናተኛ ነው፤ የያዘውን ሰው ለማንም አያካፍልም። የእኔን እህት ቆሞ ቀር ያደረጋት እሱ አይደል? ምልክቱን ልንገርሽ፤ ብቻውን ያስተክዘዋል፣ ምግብ ይዘጋዋል፣ የሰርግ ዘፈን ሲሰማ ዓይኑ እንባ ያቀራል፣ ሲተኛ ያቃዠዋል።»

እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። ምልክቶቹ በሙሉ ነበሩበት።

«ደግሞ ያ ኢስሐቅ የምትሉት» አሉ ጋሽ ወልደ ሥላሴ ሲወጡ፣ «ሰርጉ ሳይደርስ ዕቃውን ይዞ ይውጣ። ቀጨኔ ቤት አይታጣም። ሙሽራና ጎረምሳ በአንድ ጣሪያ ሥር አይሆንም።»

በቃ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እግሬ አላረፈም ማለት ይቻላል። መንፈሱ የት ነው? በየት ይገባል? ስንት ሰዓት ይመጣል? ጎረቤት ልጆችን እንዳልጠይቅ ይፈራሉ። ራሴ እደርስበታለሁ አልኩ።

ደረስኩበትም። መንፈሱ የሚመጣው ኢስሐቅ ሲወጣ ነው።

ኢስሐቅ ያለቀ ጋቢ ተሸክሞ ወደ ነጋዴዎቹ ሲወርድ፣ አጎቴ ጥቂት ይሠራና ክሩ ይበጠስበታል። ይቀጥለዋል። እንደገና ይበጠሳል። ከጉድጓዱ ይወጣል፣ በሩ ላይ ይቆማል፣ መንገዱን ያያል፣ ይመለሳል፣ ይቀመጣል፣ ይነሳል። «ጋሼ፣ ምን ሆነህ ነው?» ስለው «ምንም» ይለኛል፣ ፊቱ ግን ጠቁሯል። ምሳ እናቀርባለን፣ አይበላም። ይኸው መጣበት እላለሁ በልቤ። ከዚያ ከታች የኢስሐቅ ፉጨት ይሰማል። የአጎቴ ትከሻ ዝቅ ይላል። መወርወሪያው ከግራ ቀኝ፣ ከቀኝ ግራ መሮጥ ይጀምራል። ኢስሐቅ ጫማውን አውልቆ ሳይጨርስ «ቡርቱ፣ ይሄ ሰውዬ በላ?» ብሎ ይጠይቀኛል፤ አልበላም ስለው ሽሮውን ከቃሪያ ጋር በእንጀራ ጠቅልሎ እላዩ ላይ ይቆምና «ክፈት አፍህን፣ ሙሽራ ባዶ ሆድ አይሄድም» ይላል። አጎቴ ይጎርሳል።

እኔ ለራሴ፣ መንፈሱ ኢስሐቅን ይፈራል አልኩ። ኢስሐቅ መድኃኒት አለው አልኩ። የሚገርመው፣ የአገሩ ሽማግሌ ሁሉ ከተናገረው ይልቅ እውነቱ አጠገብ የደረስኩት እኔ ነበርኩ፤ የቆምኩበትን አላውቀውም እንጂ።

አንድ ቀን ጠዋት ድር እያደሩ ነበር። ረጅሙን ክር በመንገዱ ዳር በተተከሉ እንጨቶች መሀል እየዘረጉ፣ አንዱ ሲሄድ አንዱ ሲመለስ፣ መሀል ላይ ሲገናኙ ትከሻ ለትከሻ እየተነካኩ። ታረቀኝ፣ ከታች ቤት ያለው ሸማኔ፣ ጥጥ ተሸክሞ መጣ።

«እነ ባልና ሚስት! መንገድ ልቀቁ እንጂ!»

«ቀናህ አይደል ታረቀኝ?» አለው ኢስሐቅ። «አንተ እኮ ሚስትህ እንኳን አብራህ ቤተ ክርስቲያን አትሄድም!»

መንገዱ ሁሉ ሳቀ። ታረቀኝም ሳቀ። አጎቴ ግን አልሳቀም፤ ክሩን ከእጁ ጣለውና ያ ሁሉ ድር ተዘባረቀ። እኔም በልቤ ያዝኩ፤ ሚስት የሚለውን ቃል እንኳ መንፈሱ አይወድም።

አሁን ሳስበው፣ በዚያ ሰፈር ሁለት ወንዶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቢሄዱ፣ በአንድ ጋቢ ቢተኙ፣ አንዱ አንዱን ቢያጎርስ ማንም ዞር ብሎ አያይም። ወንድማማች ናቸው ይባላል፣ ያልቃል። ዕድሜ ልካቸውን ቢኖሩበት ማንም አይነካቸውም ነበር። ሰው ዓይን ውስጥ የገባው አጎቴ ያደረገው ነገር አልነበረም። ያላደረገው ነው። አለማግባቱ።

እናቴ ለኢስሐቅ የነገረችው ጾሙ አጋማሽ ላይ ነው። ዓይኑን ሳታይ፣ ጥጥ እየፈተለች። «እንግዲህ ኢስሐቅ፣ ቤቷን ታውቃታለህ፣ ጠባብ ናት።»

«አውቃለሁ እትዬ» አለ። «ለሙሽራ ቦታ መልቀቅ ወግ ነው። እኔ እንደውም የመጀመሪያ ሚዜው አይደለሁም እንዴ? ሱፍ ልከራይ ነው!» ሳቀ። ሳቁ ግን ከበሩ አላለፈም። የዚያን ቀን የሠራው ጥለት ተንሻፎ ስለወጣበት ሙሉውን መልሶ ሲተረትር ዋለ። እንዲህ ያለ ነገር ሠርቶ አያውቅም። ቀን ቀን እየወጣ ቀጨኔ ቤት ይፈልጋል፣ ጭቃ ረግጦ ይመለሳል፣ «አላገኘሁም» ይላል። አጎቴ እሱ በሌለበት ሰዓት ከበር መስኮት፣ ከመስኮት በር ነው። ቤታችን ውስጥ ቁጭ የሚል ሰው ጠፋ።

አንድ ከሰዓት በኋላ በርሜሉ ላይ ወጥቼ በስንጥቁ አየሁ። ኢስሐቅ በአጎቴ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ተቀምጧል፤ አጎቴ ከጎኑ። የአጎቴ ግንባር የኢስሐቅ ትከሻ ላይ አርፏል። ኢስሐቅ እጁን አናቱ ላይ አድርጎ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ የሚለው አይሰማም። ልክ ቄስ ሲባርክ። እያወጣለት ነው! አልኩ። መንፈሱ ሲወጣ እንዳያየኝ ብዬ ቀስ ብዬ ወረድኩና አጥሩ ሥር ተደበቅኩ። ብዙ ጠበቅኩ፣ ምንም አልወጣም።

ያን ስንጥቅ በትልቅነቴ ስንት ጊዜ መልሼ አየሁበት መሰላችሁ። በዓይኔ ሳይሆን፣ እንዲሁ ተኝቼ። ኢስሐቅ ምን ይለው ነበር? አላውቅም። የሚያጽናና ሰው የሚለውን ይሆናላ።

ከሆሳዕና በፊት ባለው ሳምንት ጋሽ ወልደ ሥላሴ «ጠበል ሳይነካው ሙሽራ ማድረግ ለልጅቱም ግፍ ነው» አሉ። እናቴም እሺ አለች። አጎቴን ጠየቁት፤ እሱ ደክሞት ነበር፤ «እንዳላችሁ» አለ።

ጎህ ሲቀድ የእንጦጦን ዳገት ይዘን ወጣን፣ እናቴ፣ አጎቴና እኔ። «ልጅቷ ትቅር» ብትባልም አለቅስ ስለነበር ይዘውኝ ሄዱ። የባሕር ዛፉ ቅዝቃዜ ጥርስ ያንገጫግጫል። አጎቴ ወደ ፊት ይቀድመናል፣ ቆሞ ይጠብቀናል፣ ደግሞ ይቀድመናል። አንዴ ወደ ኋላ ዞሮ ወደ ሽሮ ሜዳ ቁልቁል ሲያይ «ረሳህ እንዴ አንድ ነገር?» አለችው እናቴ። «ኢስሐቅ ዛሬ ነው የሚወጣው» አለ። «ቤት አግኝቷል።»

እናቴ ነጠላዋን ወደ ጆሮዋ ሳብ አድርጋ ዳገቱን ቀጠለች።

ጠበሉ ጋ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ጭቃው ላይ ቆሟል። ሰው ይጮሃል፣ ይወድቃል፣ በሌላ ድምፅ ያጓራል። አንዲት ቀጭን ሴት እንደ በሬ ስታገሳ አይቼ በእናቴ ቀሚስ ተጠቀለልኩ። አጥማቂው ቄስ ሽማግሌ ናቸው፣ ፊታቸው ክፉ አይደለም። አጎቴን ከፊታቸው አቆሙት፤ ነጠላ ብቻ ነው የለበሰው። በጆግ ውሃውን ከአናቱ ለቀቁበት። መስቀሉን ግንባሩ ላይ አሳረፉ።

«ማን ነህ?»

አጎቴ ዝም።

«ተናገር! በዚህ ልጅ ላይ ያለኸው፣ ማን ነህ?»

ውሃ። ዝም። ውሃ። ሰዉ መሰብሰብ ጀመረ፤ አንዷ ሴትዮ «አይናገርም፣ ድዳ ነው» አለች። አጎቴ ይንቀጠቀጣል። ዓይኑን ገልጦ እናቴን አያት። ከዚያ ጨፈነው።

«እኔ ነኝ» አለ።

ሕዝቡ እልል አለ! መንፈስ ከተናገረ ይድናል ነው እምነቱ። «እሰይ! እሰይ! ተናገረ!» ይላሉ። እናቴ ብቻ እልል አላለችም።

«ከየት ያዝኸው?» አሉ ቄሱ።

«አልያዝኩትም። አብሬው ነው የተወለድኩት።»

«ትዳሩን ለምን ትከለክላለህ?»

«ሰርኬ ምን አደረገች? ለእሷም ግፍ ነው። እሱ አይወዳትም። ካጋባችሁት ይሞታል።»

«ልቀቀው!»

«የት ልሂድ? ሌላ ቤት የለኝም።»

«በዚህ መስቀል ማልልኝ፣ እለቃለሁ በል!»

«ውሸት አልምልም አባ። አልለቀውም። አሁን ባለበት ይተዉት፣ አብሮት ካለው ሰው ጋር ይኑር፤ እኔም ማንንም አልነካም።»

ልጆቼ፣ እዚያ ሲያጓራ የነበረው ሰው ሁሉ ድምፁ ተለውጦ ነበር። አጎቴ ግን «ቡርቱ፣ ቀሰም አቀብዪኝ» በሚልበት ድምፅ ነው የተናገረው። እኔን ያስፈራኝ እሱ ነው። የሴትዮዋ ግሳት ምንም አልመሰለኝም፤ ይሄኛው ግን የአጎቴን ድምፅ ሰርቆ፣ ለምዶ፣ በሱው አፍ እንደ ሰው ይናገራል። ጮህኩ። እናቴ አፌን በመዳፏ ያዘች፣ መዳፏ እንደ እሳት ይፋጃል።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አጎቴ ፀጉሩ ሸብቶ፣ አንዴ ብቻችንን ስንሆን ጠይቄው ነበር። «ያኔ ጠበል ላይ፣ አንተ ነበርክ አይደል?» መወርወሪያውን አንዴ ወዲያ፣ አንዴ ወዲህ ወረወረ። «ውሃው ይበርድ ነበር» አለኝ። በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ እውነቱን በአደባባይ ተናገረ፤ ያን ዕለትም ሁሉም ሰው ሌላ የተናገረ መሰለው፤ ይውጣ ብለው ውሃ ደፉበት፣ እልል አሉ። ለሰርጉ የታሰበው እልልታ ያው እዚያ አለቀ።

እናቴ ወደ ፊት ወጣች። «አባ፣ ይብቃው። በርዶታል።»

«ልጄ፣ ገና ነው። ደጋግሞ መጠመቅ አለበት።»

«እናመጣዋለን አባ፣ ይፍቱኝ» አለች። መስቀል ተሳለመች። አላመጣችውም።

ስንወርድ አጎቴ ወደ ኋላ ቀረት አለ፤ እርጥብ ነጠላውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ እንደ ሰካራም እየረገጠ። እኔ የእናቴን እጅ ይዣለሁ። ፈርቼ፣ ልንገራት አልንገራት ስል ቆይቼ ከአፌ አመለጠኝ።

«እማዬ፣ መንፈሱን የሚያስወጣውን ሰው አውቃለሁ።»

«ማን?»

«ጋሽ ኢስሐቅ። እሱ ካለ አይመጣም። እሱ ሲሄድ ነው የሚመጣው። እሱ ሲያጎርሰው ጋሼ ይበላል። አንድ ቀን ደግሞ የጋሼን ግንባር እዚህ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ አናቱን ይዞ ጸለየለት። አይቻለሁ።»

እናቴ ቆመች። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች በአጠገባችን አለፉ፤ እስኪርቁ በዓይኗ ሸኘቻቸው። ከዚያ ቁጢጥ አለችና ሁለት ጉንጬን ያዘች።

«ይሄን ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«ለማንም አትናገሪ። ለጓደኛሽ የለ፣ ለጋሽ ወልደ ሥላሴ የለ፣ ለንስሐ አባታችንም ቢሆን። ሰማሽኝ ቡርቱ?»

«እሺ።»

ተነሳች። ጥቂት ሄደች። ቆመች። ወደ ኋላ ወደ ወንድሟ አየች፣ ደግሞ ወደ ታች። ነጠላዋን ፈታ አደረገች፣ መልሳ አጣፋች። «ኢስሐቅ ሲኖር ይበላል አልሽኝ?»

«ይበላል።»

«ይስቃል?»

«ለብቻቸው ሲሆኑ ይስቃል።»

«እኔ እህቱ ሆኜ ሲስቅ አላየሁትም» አለች፣ ለእኔ አልነበረም። ከዚያ ድንገት እጄን ጎተተች። «ነይ፣ ቶሎ በዪ! ሳይሄድ እንድረስበት!»

ያን ቁልቁለት እንዴት እንደወረድነው እኔ አላውቅም። እናቴ፣ ያቺ በሰው ፊት ፈጠን ብላ እንኳ የማትሄድ ሴት፣ ቀሚሷን ሰብስባ ሮጠች። አጎቴ ከኋላ «እትዬ! ምን ሆንሽ?» እያለ ይከተላል። እኔ ወድቄ ጉልበቴ ተላጠ፤ አላየችኝም። መንፈሱ እያባረረን ነው ብዬ ወደ ኋላ ሳላይ ተነስቼ ሮጥኩ።

ስንደርስ የኢስሐቅ ዕቃ ተፈታትቶ በገመድ ታስሮ በሩ ላይ ቆሟል። ታረቀኝ ሊያግዘው መጥቶ አንዱን ጫፍ አንስቶታል።

«ፍታው» አለች እናቴ፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።

«እ?»

«ገመዱን ፍታው አልኩህ። የት ነው የምትሄደው?»

«እትዬ፣ ሙሽራዋ...»

«ሙሽራ የለም። መንፈሱ እምቢ ብሏል። ሕዝብ በሙሉ ሰምቷል።» ወደ ታረቀኝ ዞረች። «አንተም አስቀምጠው፣ ቤትህ ግባ።»

ታረቀኝ አማተበ፣ ዕቃውን ቀስ አድርጎ አስቀመጠና ሄደ፤ ወሬውን ይዞ እንደሆነ እናቴ ታውቃለች፣ እንዲይዘውም ፈልጋለች። አጎቴ ደረሰ። ፀጉሩ ገና ውሃ ያንጠባጥባል። ኢስሐቅ አየው።

«ምን አለ መንፈሱ?» አለ ኢስሐቅ።

አጎቴ መሬት መሬት ያያል። እናቴም ወደ ግድግዳው ዞራለች። እኔ ወደ መሀል ገባሁ፤ ቃል በቃል ነበር የያዝኩት። «'አልለቀውም' አለ! 'የት ልሂድ? ሌላ ቤት የለኝም' አለ! 'አሁን ባለበት ይተዉት፣ አብሮት ካለው ሰው ጋር ይኑር' አለ!»

ኢስሐቅ የታሰረው ዕቃ ላይ ቁጭ አለ። ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበው። ትከሻው ይነቀነቃል።

አዘንኩለት። አጠገቡ ሄጄ ጉልበቱን መታ መታ አደረግኩት። «አይዞህ ጋሽ ኢስሐቅ፣ አትፍራ። አንተን እንደሆነ ይፈራሃል።»

ጋሽ ወልደ ሥላሴ በማግስቱ መጡ። «ተናገረ አሉ! እንኳን ደስ ያለሽ! ከተናገረ ይለቃል።»

«ካጋባችሁት ይሞታል ብሏል፣ ጋሼ።»

«ሲያስፈራራ ነው እንጂ!»

«እሺ። ወንድሜ ቢሞት እርስዎ ይመልሱልኛል? የሰርኬ አባትስ ልጃቸው በዓመቷ ማቅ ብትለብስ ማንን ይጠይቃሉ?»

ጋሽ ወልደ ሥላሴ ከዘራቸውን ከግራ ወደ ቀኝ አዛወሩ። «እንግዲህ... እግዜር ያውቃል።»

«ለሰርኬ አባት እርስዎ ይንገሩልኝ። እሺ ያሰኟቸው እርስዎ ነዎት።»

ከዚያ በኋላ ስለ ሰርግ ያነሳበት የለም። ኢስሐቅና አጎቴ በእነዚያ ሁለት ጉድጓዶች ውስጥ አረጁ። በነፃ የተገኘ እንዳይመስላችሁ ግን። ሰፈሩ አጎቴን ፈራው። ሕፃን ሲያቅፍ እናትየዋ ፈጥና ትቀበለዋለች። በሰርግ ቤት ከሙሽሮቹ አርቀው ያስቀምጡታል። «ምስኪን፣ ባለ መንፈሱ» ይሉታል። እሱም አልካደም። በር ሲንኳኳ ግን እስከ መጨረሻው ድረስ ይደነግጥ ነበር፤ መወርወሪያው ይቆማል፣ ማን እንደሆነ እስኪታወቅ እጁ አየር ላይ ይቀራል። ኢስሐቅ «እኔ እከፍታለሁ» ይላል።

እኔ ሃያ ሁለት ሲሞላኝ ጋሽ ወልደ ሥላሴ በሁለት ሰው ተደግፈው መጡ፤ አሁን ለእኔ። አንድ መምህር አለ፣ ጨዋ ነው፣ አሉ። አላገባም አልኩ። ሽማግሌው እናቴን በሐዘን አዩዋት። «አፀደ፣ በዘር ይወርዳል እኮ። ሳይጠነክርባት ተራራውን አውጫት።»

«እናስብበታለን፣ ጋሼ» ብላ ሸኘቻቸው።

ቀትር ነበር። በሩን ዘጋችው። እኔ እቃ አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ፤ የታጠፈ ነጠላ ፈትቼ መልሼ አጥፋለሁ። ከሥራ ቤቱ የሁለቱ መወርወሪያ ይሰማል።

«ቡርቱ፣ ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። ተነሳሁ።

«ተራራ አልወስድሽም» አለች። «ወንድሜ እኔን፣ እህቱን ፈርቶኝ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ሥር ቆሞ፣ ሌላ ሆኖ ነው የነገረኝ። እኔም ሌላ እንደሆነ አድርጌ ነው የሰማሁት። ያኔ አዳነው፤ እውነት ነው። ግን ይኸው እስከ ዛሬ ወንድሜ አላናገረኝም። አንቺ እዚህ፣ በደረቅ ልብስሽ፣ በራስሽ አፍ ንገሪኝ።»

በሥራ ቤቱ አንዱ መወርወሪያ ቆመ። ወዲያው ሁለተኛውም ቆመ።

ወደ በሩ ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ስናገር ድምፄ የማን እንደሆነ ለራሴም ግራ ገባኝ፤ የእኔው ነበር። እናቴ አላማተበችም። አለቀሰች፣ አዎ። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና «ስሟ ማን ነው?» አለችኝ።

ስሟን ነገርኳት።

ለእናንተ ግን አልነግራችሁም ልጆቼ፤ ይቅር በሉኝ። ዘመኑ ገና ነው፣ እሷም እዚሁ ሰፈር ናት። ጠዋት ጠዋት የጨርቅ ሱቃችንን አብረን እንከፍታለን፤ የላዩን ቁልፍ እኔ፣ የታቹን እሷ፣ እኔን ወገቤን ስለሚያመኝ።